ሰንጠረዥና ወረራው

ኡንተርሊደርባህ ውስጥ እሑድ እሑድ ቼዝ የሚጫወቱ ወገኖች አሉ። ሰዓት አስቀምጠው፣ «የነካኸውን አንሳ» እየተባባሉ፣ ፍጹም ጀርመን ሆነው ነው የሚጫወቱት። በቀደም አንድ አረጋዊ አባት ተጋብዘው ተቀመጡና አምስት ወታደርና ሁለቱንም ፈረሶች አከታትለው አወጡ። ልጁ «አባባ፣ ተራ አለ እኮ!» ቢላቸው፣ «ገና ማን ተበላ?» አሉት። ተሳቀ።

ያሳቀው ነገር ግን የአባቶቻችን ሰንጠረዥ ነው። በሰንጠረዥ መክፈቻው ወረራ ይባላል። ተራ የለም፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጦራቸውን ያሰልፋሉ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለዋውጣል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ተራ በተራ ነው። እንደ ልቧ የምትጋልብ ንግሥትም የለችም፤ ከንጉሡ ጎን የሚቆመው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ገበታው ጥቁርና ነጭ ሳይሆን መስመር ብቻ ነው። በፈረስ መግደል ብዙም አያስመሰግንም፤ ሙገሳው በወታደር ለገደለ ነው።

ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን የጨዋታውን ሥርዓት መዝግቧል። ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 እ.ኤ.አ. ታሪኩን ሰብስበው ባያሳትሙልን ኖሮ ዛሬ ይህችን ያህል እንኳ ባላወራን።

መቼም የቼዝ ሰው «ይህ ሥርዓት አልባነት ነው» ማለቱ አይቀርም። እስቲ የእርሱን እንይ። ካስፓሮቭ በ1999 እ.ኤ.አ. የፍራንክፈርቱን ፈጣን ውድድር አሸነፈ። በ2000 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ላይ ለንደን ሲገባ ክራምኒክ «የበርሊን መከላከያ» የተባለውን አሮጌ አከፋፈት ይዞ ጠበቀው። በስምንተኛው እርምጃ ንግሥቶቹ ተለዋውጠው ከገበታው ወጡ፤ የካስፓሮቭ ጥቃትም አብሮ ወጣ። በዚህ አከፋፈት አራት ጊዜ ሞክሮ አራቱም በአቻ አለቁ፤ አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ዘውዱን አስረከበ። ያ ውጊያ ግማሹ ያለቀው ለንደን ሳይደርሱ፣ ቤት ውስጥ፣ በጥናት ነው። በወረራ ግን የተሸመደደ ነገር አያድንም፤ ባላጋራህ ዓይንህ እያየ አሰላለፉን ይቀይርብሃል። ለእኔ ይኸኛው ይከብዳል።

ጨዋታውን በእጃቸው የሚያውቁ ሰዎች እያለቁ ነው። ደንቡን የሚያውቅ አባት ወይም አያት ያላችሁ፣ ስልካችሁን ከፍታችሁ ሲጫወቱ ቅረጹና ለዝግጅት ክፍላችን ላኩልን። በተለይ የወረራውን።