እያዩ ካልገዙ ማን ይጠየቃል?

የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በየጊዜው የሚያወጣው ማሳሰቢያ መልኩ አይለወጥም። የዘይት፣ የጨው፣ የማር ስም ይደረደራል፤ የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የአገልግሎት ማብቂያው ቀን እንዳልተጻፈባቸው ይነገራል፤ ኅብረተሰቡም ገዝቶ ከመጠቀም እንዲቆጠብ ይመከራል።

ምክሩ ክፋት የለውም። እስኪ ይዘነው ደብረ ማርቆስ ገበያ እንውረድ። ቅቤው በቅጠል ተጠቅልሏል፤ በርበሬው በጣሳ ይሰፈራል፤ ዘይቱ ከጀሪካን በኩባያ ይቀዳል። ጀሪካኑ ላይ ስም ቢኖር እንኳ ዘይቱ ቤት ይገባል እንጂ ስሙ ሱቅ ይቀራል። ታዲያ ገዥዋ ምኑን ታንብብ? ቅጠሉን? በርበሬ ከሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ከሙዝ ጋር ተደባልቆ ተያዘ ሲባል ስንቴ ሰማን፤ በዓይን የሚለይ ቢሆንማ መቼ ይሸጥ ነበር?

ገዥዋ ታማ ማሳሰቢያው ፍርድ ቤት ሲደርስ ደግሞ ይብሳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2085፣ ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው እንደ ወጉ ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ከሥሩ ግን ቀዳዳ አለ፦ ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከነበረ አምራቹ አይጠየቅም። «ጽሑፍ እንደሌለው እያየች ገዛች፤ መንግሥትም አስጠንቅቋት ነበር» የሚል ጠበቃ የሚጠፋ ይመስላችኋል? የጽሑፉ አለመኖር ይታያል፤ ያሳመማት ነገር ግን አይታይም ብላ ትመልስ ይሆናል። ይህን መልስ ዳኛ የሚሰማው ግን ተከሳሽ ሲቀርብ ነው። ስም የሌለውን አምራች ማን ብላ ትክሰሰው? ሕጉ ለክስ የሰጣት ጊዜ በመደበኛው 2 ዓመት ብቻ ነው።

አምራቹ ቢታወቅም መንገዱ ቀላል አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎች ያለቁበትን አውሮፕላን ማን እንደሠራው የጠየቀ አልነበረም። ስሙ በዓለም የታወቀው ቦይንግ እንኳ በቺካጎ ፍርድ ቤት ኃላፊነቱን ያመነው በ2014 ዓ.ም. ነው፤ ያውም ዓለም እያየው። የጣሳ በርበሬ ደባላቂውንስ ማን ያየዋል?

«ተቆጠብ» ማለት ለባለሥልጣኑ ቀላል ነው፤ ጥንቃቄውንም ጥፋቱንም ለገዥ ያሸክማል። የሚቀጥለው ማሳሰቢያ ሲወጣ ዝርዝሩን አነባለሁ። የምፈልገው የዕቃዎቹን ስም አይደለም፤ ካሣ የሚጠየቅ የአንድ ሰው ስም ነው። አገኛለሁ ብዬ ግን አልምልም።

ከአምደኛው፣ ደብረ ማርቆስ