የታመመ ሕፃን ወንድም አስተርጓሚ አይሁን

እ.ኤ.አ. በ1892 ተመሥርቶ ዛሬ ኔሽንዋይድ ችልድረንስ የሚባለው የኮሎምበስ ኦሃዮ የሕፃናት ሆስፒታል በአሜሪካ ካሉት መሰሎቹ በስፋት ከቀዳሚዎቹ የሚቈጠር ሲሆን፣ በከተማዋ የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ወላጆች ልጃቸው በሌሊት ሲታመምባቸው አስቀድመው የሚያስቡት በር ነው። በአገር ቤት ልጇን አዝላ ወደ ጥቁር አንበሳ የምትገሠግሥ እናት መድኃኒቱ ቢጐድልባት፣ አልጋው ቢታጣባት እንኳ ሕመሙን በገዛ ልሳኗ ታስረዳለች፤ እዚህ ግን መሣሪያውም ባለሙያውም ተሟልቶ ሳለ ይህች አንዲቱ ነገር ትታጣለች። ስለዚህም እንግሊዝኛ የለመደው ታላቅ ወንድም፣ ራሱ ገና ሕፃን ሳለ፣ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ በእናቱና በሐኪሙ መካከል ይቆማል። ይህ ልማድ መቅረት አለበት እላለሁ።

ነገሩን በአንድ ሕመም ላስረዳ። በአንጎል ውስጥ ያለው ፈሳሽ መውጫ አጥቶ ሲጠራቀም፣ ወደ ሆድ የሚያወርደው ሻንት የተባለ ቀጭን ቱቦ ከቆዳ ሥር ይቀበራል። በሕፃናት ላይ ከሚተከሉት ቱቦዎች ግን ወደ ግማሽ የሚጠጉት በ2 ዓመት ውስጥ ይደፈናሉ ወይም ይበላሻሉ፤ ምልክቱም ማስመለስ፣ ራስ ምታት፣ ድብታና መነጫነጭ በመሆኑ፣ ሆዱን ብቻ ከታመመ ሕፃን ለመለየት ያስቸግራል። ብዙ ጊዜ የሚለየው እናቲቱ በምታውቀው ነው፦ «ባለፈው ቱቦው በተደፈነ ጊዜም እንዲሁ ነበር የጀመረው፤ ዓይኑን ወደ ላይ ማንሣት አቅቶታል፤ በዚህ ሰዓት ተኝቶ አያውቅም።»

በብዙዎቹ የአሜሪካ ድንገተኛ ክፍሎች ተቀባይዋ ነርስ በጥቂት ደቂቃ ጥያቄና መልስ ሕመምተኛውን ከ1 እስከ 5 ባለው ደረጃ ትመድባለች፤ 1 ፈጽሞ የማይዘገይ፣ 5 መጠበቅ የሚችል ማለት ነው። ብላቴናው ከእናቱ ረጅም ቃል የሚያውቀውን መርጦ «ያስመልሰዋል» ብሎ ቢያቆም፣ ምደባው በዚያች ቃል ላይ ይመሠረታል፤ እናቲቱም በሐኪም ፊት ድምፅ አለማሰማት ያደገችበት ትሕትና ነውና ደግማ አትናገርም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የወንድሙ ራስ ዛሬ ሌሊት በቀዶ ሕክምና ሊከፈት እንደሚችል ለእናቱ የሚያረዳው እርሱ ብላቴናው መሆኑ ነው። ታናሹ ክፉ ነገር ቢገጥመው፣ ቃሌ ጐድሎ ይሆን የሚል ጸጸት በሕፃን ኅሊና ላይ መጫን ግፍ ነው።

የወላጅን ዕውቀት የሚንቅ ቢኖር የቱቦውን ታሪክ ይመልከት። ለብዙ ሕፃናት የደረሰውን የቱቦውን ቫልቭ እ.ኤ.አ. በ1956 በፊላዴልፊያ የሠራው ጆን ሆልተር የፋብሪካ ሠራተኛ እንጂ ሐኪም አልነበረም፤ የገዛ ልጁ በዚሁ ሕመም ቢያዝበት፣ ከቀዶ ሐኪሙ ከዩጂን ስፒትዝ የሰማውን ችግር በእጁ ጥበብ ፈታው።

ሕጉም ከእናቲቱ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በትውልድ አገር ምክንያት እንዳያዳላ ይከለክላል፤ እ.ኤ.አ. የ2010ሩን የጤና ሕግ የተከተለው ደንብ ደግሞ ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ እንዲቀርብ ያዝዛል፤ ለደኅንነት የሚያሰጋ ድንገተኛ ነገር ገጥሞ አስተርጓሚ ወዲያው ካልተገኘ በቀር በሕፃን ማስተርጐምንም አይፈቅድም። እርግጥ ሕፃኑ ትንፋሽ አጥሮት የመጣ እንደሆነ ወንድሙ ይናገር፤ ግን አስተርጓሚው በስልክ እስኪገኝ ድረስ ብቻ።

በኮሎምበስ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ረገድ ከማንም የበለጠ ሊረዱ ይችላሉ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከድንገተኛ ሐኪሞች ኮሌጅ ጋር ሆኖ የሕፃኑ ሕመም፣ ቀዶ ሕክምናው፣ መድኃኒቱና በደኅናው ጊዜ ያለው ሁኔታ የሚሞላበት ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1999 አዘጋጅቷል። ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ስለዚህ ቅጽ ቢነገር፣ የንስሐ አባቶችም ጸሎታቸውን አድርሰው ጸበሉን ከረጩ በኋላ ወረቀቱ ተሞልቶ እንደ ሆነ ቢጠይቁ፣ በእንግሊዝኛው ቅጽ ራስ ላይም የቤተሰቡ ቋንቋ፣ አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ፣ በጕልህ ቢጻፍ፣ ነርሷ ብላቴናውን ከመጠየቋ በፊት አስተርጓሚውን ትጠራለች።