ብልጭታ የማይሰጥ መሣሪያና የአዳኙ ጥንቃቄ

እሳት ሊያጠፋ የሚሄድ ሰው እሳትን በእጁ ይዞ እንዳይገባ መጠንቀቅ ይገባዋል። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ጋዝ በሞላበት ቤት በር ላይ መዶሻ የሚያነሣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ የራሱም፥ በውስጥ ያሉትም ሰዎች ሕይወት በዚህች ጥንቃቄ ላይ የተመሠረተ ነው።

አረብ ብረት ከድንጋይ ወይም ከሌላ ብረት ጋር ሲጋጭ ጥቂት ፍርፋሪ ይላቀቅና ግሎ በአየር ውስጥ ይነዳል፤ ብልጭታ የምንለው ይኸው ነው። ክብሪት ሳይፈጠር ሰው እሳት ያወጣ የነበረውም በዚሁ ጠባይ ነው። በእንግሊዝ አገር በ18ኛው መቶ ዓመት የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች የሻማን ነበልባል ስለ ፈሩ፥ የአረብ ብረት ጎማን ከእሳት ድንጋይ ጋር እያፋተጉ በብልጭታው ብርሃን ይሠሩ ነበር። ብልጭታው ጋዝ አያቀጣጥልም ብለው ታመኑበት፤ እርሱ ግን ፍንዳታ አስከተለባቸው። ስለዚህ አንድ ነገር ደኅና ነው መባሉ ብቻ ደኅንነትን እንደማያመጣ ከዚህ እንማራለን።

በ1948 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር የኒው ዮርክ የእሳት አደጋ መኮንን ሂዩ ሃሊገን በስሙ የሚጠራውን የበር መፈልቀቂያ አወጣ። ይህ መሣሪያ በተለመደው ሥራ ከአረብ ብረት ይሠራል። ጋዝ ላለበት ስፍራ ግን ከመዳብና ከቤሪሊየም፥ ወይም ከመዳብና ከአሉሚኒየም ቅልቅል የተሠሩ መፈልቀቂያዎች፥ መጥረቢያዎችና መዶሻዎች ይገኛሉ። እነዚህ ለስላሶች ስለ ሆኑና ሙቀትን ፈጥነው ስለሚበትኑ ፍርፋሪያቸው በቀላሉ አይነድም።

ሆኖም መሣሪያው ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። ለስላሳነቱ ስለቱን ያጎብጠዋል፤ የብረትና የድንጋይ ደቃቅም ይጣበቅበታልና ሳይጠረግ ቢመቱበት እርሱ ራሱ ብልጭታ ያወጣል። መዳብ የበዛበት መሣሪያ አሲቴሊን ጋዝ ባለበት ቦታ ሊገባ አይገባውም፤ ከጋዙ ጋር ተዋሕዶ በጥቂት ንክኪ የሚፈነዳ ነገር ሊወልድ ይችላልና። ቤሪሊየም ያለበትም ሲሞረድ የሚወጣው ትቢያ ሳንባን ይጎዳል፤ በዚህ ምክንያት የአሜሪካ መንግሥት በ2017 በሥራ ቦታ የሚፈቀደውን መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ2 ማይክሮግራም ወደ 0.2 ዝቅ አድርጎታል።

ይልቁንም ዋናው ነገር ከመሣሪያው በፊት ያለው ሥራ ነው። ሚቴን ጋዝ በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ይቀጣጠላል፤ ሃይድሮጂን ደግሞ ለሚቴን ከሚያስፈልገው ኃይል አንድ አሥረኛ እንኳ ሳይሞላ ይነዳል። የኤሌክትሪክ መብራት መክፈቻ ወይም ከልብስ የሚወጣ ብልጭታ ይበቃዋል። የአሜሪካ የፔትሮሊየም ኢንስቲትዩትም በነዳጅ ትነት አካባቢ የእጅ መሣሪያን ከነሐስ ማድረግ የሚጨምረው ደኅንነት ጥቂት መሆኑን ገልጧል። ስለዚህ አስቀድሞ ጋዙን በመለኪያ መመርመር፥ ምንጩን መዝጋት፥ ቤቱንም ማናፈስ ይገባል፤ መሣሪያው ከዚህ በኋላ የሚመጣ ረዳት ነው።

ነዳጅ ከጅቡቲ ወደብ በቦቴ እየተጫነ ረጅም መንገድ በሚመጣበት በአገራችን ይህ ነገር የሩቅ ወሬ አይደለም። መሣሪያ የሚያስገዙ ሹማምንት የዕቃውን ስም ብቻ አይተው እንዳይፈርሙ፥ ከምን ማዕድን እንደ ተሠራ እንዲጠይቁ፥ የጋዝ መለኪያውንና የሠራተኛውን ትምህርትም ከዚያው ወጪ ጋር እንዲያስቡ ይገባል። በመጋዘን የተቀመጠ ውድ ዕቃ ያልተማረ እጅ ቢያነሣው ሰውን አያድንም፤ የተማረ እጅ ግን መቼ እንደሚያነሣውና መቼ እንደሚተወው ያውቃል።