ሳይመረምሩ መድኃኒት

ዛሬ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር አልጽፍም። የዛሬዋ ታማሚዬ ግቢያችን ውስጥ የቆመችው ቮልስ ናት።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ መኪናዋን የገዛት ሁለተኛዋ ልጃችን በተወለደች ዓመት ነው። ልጆቹን ትምህርት ቤት፣ እኔን ደግሞ የሌሊት ተረኛ ስሆን ጤና ጣቢያ ስታደርስ ኖራለች። እሱ ካረፈ በኋላ እኔው መንዳቱን ቀጠልኩ። ቮልስ እ.ኤ.አ. በ2003 የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ እስክትሠራ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች፤ ለእኛ ቤት ግን አንዷ ብቻ ናት።

ባለፈው ክረምት አንዳንድ ጠዋት አልነሳም ማለት ጀመረች። ቁልፉን ሳዞር አንዴ “ቀጭ” ትልና ዝም። ጋራዥ ወሰድኳት። ወጣቱ መካኒክ ገና ኮፈኑን ሳይከፍት “ሲስተር፣ ባትሪው ሞቷል” አለኝ። አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ለአንድ ሳምንት ደህና ሰነበተችና ያው “ቀጭ” ተመለሰ። “እንግዲያው ሞተሪኖው ነው” አለ። ሞተሪኖውም ተቀየረ። እኔም ምንም ሳልጠይቅ ከፈልኩ።

ከዚያ አንድ ምሽት፣ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ጎረቤቴ በሩን ደበደበች። “ሲስተር፣ ልጄን ድረሽላት!” የአራት ዓመቷ ልጅ ትንፋሽ አጥሯት፣ በተነፈሰች ቁጥር የጎድን አጥንቷ ሥር እየሰረጎደ ነበር። ይህን ምልክት አውቀዋለሁ፤ የሚያስጠብቅ አይደለም። ልጅቷን የኋላው ወንበር ላይ አስተኝተን ቁልፉን አዞርኩ። “ቀጭ።” የፊት መብራቱ ቦግ ብሎ በርቷል፣ ሞተሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ደግሜ ሞከርኩ። “ቀጭ።” የሰፈሩ ልጆች ተጠርተው ገፉልኝ፤ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ስለቀው ወዲያው ተነሳች። ሆስፒታል ደረስን፤ ልጅቷም ተርፋለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የእኔ እጅ ግን እስኪነጋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ልጄ ሰምቶ ከውጭ አገር ደወለ። “እማዬ፣ በቃ ሽጪያት።” ሊገዛ የመጣው ሰውም ቁልፉን አዞረና “ይቺማ ያለቀላት ናት” ብሎ የቁራጭ ብረት ዋጋ ሰጠኝ። እሺ ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ የሚያሠራበት ሽማግሌ መካኒክ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

ሽማግሌው መጡና መፍቻ አላነሱም። በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጠየቁኝ። “ሲስተር፣ መቼ ጀመራት? ስትቀዘቅዝ ነው ወይስ ሮጣ ስትመለስ? ቁልፉን ሲያዞሩ ምን ድምፅ ይሰማሉ? መብራቱስ ይደበዝዛል? ስትገፋስ?”

አፈርኩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ለሕመምተኛ ሁሉ ያቀረብኩት ጥያቄ ይኸው ነበር፦ መቼ ጀመረዎት፣ ምን ያብስብዎታል፣ ምን ያሽልዎታል። ለራሴ መኪና ግን ሳትመረመር መድኃኒት ሲታዘዝላት ዝም ብዬ አየሁ።

“ስትገፋ ወዲያው ትነሳለች፤ መብራቱም አይደበዝዝም” አልኳቸው።

“እንግዲያው ቤንዚኑም ብልጭታውም ደህና ነው። ሕመሙ ያለው በባትሪውና በሞተሪኖው መካከል ነው” አሉ። ከዚያ ወፍራም ገመድ አውጥተው ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ካምቢዮው ብረት አገናኙና “አሁን ያስነሱ” አሉኝ። በአንድ ጊዜ ተነሳች!

ነገሩ እንዲህ ነው። የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ ጎማ ላይ ነው የተቀመጡት፤ ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ሞተሪኖው የተጠቀመበት ኃይል ወደ ባትሪው የሚመለሰው ካምቢዮውን ከቦዲው ጋር በሚያገናኝ ጠፍጣፋ የተጎነጎነ ሽቦ ነው፤ መካኒኮች ማሳ ይሉታል። የእኛው ዝጎ ሊበጠስ ደርሶ ነበር። መብራቱ ግን ማሳውን የሚያገኘው ከቦዲው ስለሆነ ቦግ ይላል። በእኔ ቋንቋ፣ ልቧም ጡንቻዋም ደህና ነበር፤ የተዘጋው ደም ወደ ልብ የሚመልሰው ሥር ነው። እኛ ልቧንም ጡንቻዋንም ቀየርንላት። የአዲሱ ሽቦ ዋጋ ከባትሪው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሽማግሌው ሌላም ነገር አሳዩኝ። የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። አዲሱ ባትሪ ሲገባ መክደኛው አልተመለሰም። ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ የባትሪውን ራስ ከነካ እሳት ይነሳል። ያቺን ልጅ ያስተኛናት እዚያው ላይ ነበር። አሮጌ ቮልስ ያላችሁ፣ ዛሬውኑ ወንበሩን አንስታችሁ እዩ።

መኪናችሁ አልነሳም ስትል ኪሳችሁን ከመዳሰሳችሁ በፊት መብራት አብሩና ቁልፉን አዙሩ።

መብራቱ ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ መጀመሪያ ባትሪው ይታይ። ገመዶቹ የሚታሰሩበት ቦታ ነጭ ዝገት ካበጀ ወይም ከላላ፣ ባትሪው ሳይሞት የሞተ ይመስላል።

መብራቱ ቦግ እንዳለ “ቀጭ” ብቻ ካለች ማሳውንና የሞተሪኖውን ገመዶች አስፈትሹ።

ስትቀዘቅዝ እየተነሳች ስትሞቅ “ቀጭ” ካለች፣ ከቁልፉ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ረጅም ሽቦ አርጅቶ ኃይል እያባከነ ሊሆን ይችላል። የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሪሌ ቢጨምርበት ብዙውን ጊዜ ይሻላታል።

ሞተሩ በደንብ እየዞረ ካልተነሳ ግን ባትሪውን ተዉት፤ ብልጭታ ወይም ቤንዚን ጎድሏል። በክረምት የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ውስጥ እርጥበት ይገባል፤ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ብቻ የሚበቃበት ጊዜ አለ። ቤንዚን ከሸተታችሁ ክብሪት አትጫሩ፤ ጥቂት ጠብቁ።

እንደ ነርስ ሁለት ነገር ልጨምር። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነስታችሁ አትቆዩ፤ የሚገድለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ደግሞ በር ላይ ይለጠፍ። ያን ምሽት እኔ ራሴ መጀመሪያ መደወል ነበረብኝ።

አሁን ለቮልሷ የሕመምተኛ ካርድ አውጥቼላታለሁ፦ ቀን፣ ሙቀት ወይም ብርድ፣ ድምፅ፣ መብራት፣ የተቀየረ ዕቃ። ገዢው ሰሞኑን ደውሎ ነበር። “ድናለች” አልኩት።

ሰላም ሰንብቱ።