ወረቀቱ ሳይደርሰን «የወረቀት ዘመን አበቃ» ለሚሉን

«የወረቀት ዘመን አብቅቷል፤ ከእንግዲህ ንባብ በስልክ ነው» የሚል አዋጅ በየስብሰባ አዳራሹ መሰማት ከጀመረ ሰነባብቷል። አዋጁ የሥልጣኔ ካባ ስለ ደረበ የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው። እኛ ግን እንጠይቃለን፦ ያበቃው የማን የወረቀት ዘመን ነው? ይህን የሚል ሰው ከወረታ ወደ ወልድያ በሚዘልቀው ጎዳና ተጉዞ ነፋስ መውጫ ይውረድ። ከዚያም በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የገጠር ቀበሌዎች ከደብተርና ከጸሎት መጽሐፍ ሌላ ወረቀት የሚገኝበትን ቤት ይቁጠር። ያልመጣ እንግዳ እንዴት ሄደ ይባላል?

አንባቢ እንዳይሳሳት፤ ይህ ጽሑፍ ለወረቀት ሙሾ ለማውረድ የተጻፈ አይደለም። የድጓው ማስመስከሪያ ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ የሚገኙት በጋይንት ምድር ነው። በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ቃልና ብራና አንዱ ሌላውን ሳያባርር አብረው ኖረዋል፤ ተማሪው ዜማውን በቃሉ ያጠናል፣ መጽሐፉም በዕቃ ቤት ይጠበቃል። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራም በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ፎቶግራፍ አንሥቶ ቅጂውን በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ አኑሯል። ፊልሙ ተነሥቷልና ብራናውን እንጣል ያለ ግን አልነበረም።

አዲስ መሣሪያ የንባብ ጠላት አለመሆኑንም ራሳችን አይተናል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ፊደል ላልቆጠረው ሰፊ ሕዝብ ያደረሰው ግን በሬዲዮ የተረከው ወጋየሁ ንጋቱ ነው። ከዚያ ድምፅ በስተኋላ የደከመበት ደራሲ፣ የታረመ ጽሑፍና በእጅ የሚያዝ መጽሐፍ ነበረ። ሬዲዮው መጽሐፉን አደረሰ እንጂ አልተካውም።

ዛሬ የሚደረገው ግን ሌላ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል የታተመው መማሪያ መጽሐፍ በወቅቱ ስላልተዳረሰ ብዙ ትምህርት ቤቶች በስልክ በሚነበብ ቅጂ ለመገልገል ተገደዱ። ስልክ የሌለው የገበሬ ልጅ ምን ያድርግ? መምህሩ ከስልኩ እያየ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ልጁም ከሰሌዳው ይገለብጣል። ይህ «ዲጂታል ንባብ» ሳይሆን በባትሪ የሚሠራ የቁም ጽሕፈት ነው! በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ ግጭቱን ተከትሎ በአማራ ክልል የስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ንባብን በሙሉ በኔትዎርክ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ኔትዎርኩ ሲቋረጥ ቤተ መጻሕፍቱ እንደሚዘጋበት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻውም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ጀመረ። ፈተናው ወደ ኮምፒዩተር ሲገሰግስ መጽሐፉ በመንገድ ከቀረ፣ የሚፈተነው የልጁ ዕውቀት ነው ወይስ የተወለደበት ቀበሌ?

ሌላም ዕዳ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቷል። ይሁን እንጂ ደራሲ ዓመታት የለፋበት መጽሐፍ ገጽ በገጽ ፎቶ እየተነሣ በቴሌግራም በነጻ ሲበተን ማንም አይደነግጥም። «ዕውቀት ተስፋፋ» ይባላል። የሚዘራ ገበሬ ተርቦ አዝመራው የሚስፋፋው በየትኛው አገር ነው? ደራሲው ብዕሩን ሲጥል በስልኩ የሚነበበው ወሬ ብቻ ይሆናል።

በ1971 ዓ.ም. የታወጀው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ለሚሊዮኖች ፊደል አስቆጥሯል። ፊደል ለቆጠረ ሰው ግን የሚያነበው ነገር በእጁ ካልቆየ የተማረው ይጠፋዋል። የዲጂታሉም ዘመቻ ይህን ትምህርት ሊዘነጋ አይገባውም።

ስለዚህ የባህልና የትምህርት ሥራ መሪዎች፦ የመማሪያ መጽሐፍ የስልክ ቅጂ ከታተመው ጋር ይምጣ እንጂ በታተመው ፈንታ አይምጣ። ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት ቅጂም በየትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ይቀመጥ። መምህራን፦ «አውርዳችሁ አንብቡ» ከማለታችሁ በፊት ማን ማውረድ እንደሚችል ቁጠሩ። የጥበብ ባልደረቦቼ፦ ሥራችንን ለስልክ አንባቢ እንሽጥ፤ ግን አርመንና ዋጋ ተምነን እንሽጥ፤ አንዱን ቅጂም ለነፋስ መውጫ መደርደሪያ እንላክ።

በስልክም በወረቀትም የሚያነብ ልጅ ሁለት መብራት አለው። አንዱን ከማጥፋታችን በፊት ሌላው መብራቱን እናረጋግጥ።