ደረቁ ወንዝ ለምን ሞላ?

ድሬዳዋን የሚያውቅ ሁሉ ደቻቱን ያውቃል። አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የሌለበት፣ አሸዋ ብቻ የተኛበት ወንዝ ነው። ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። ነገር ግን በሐምሌ 1998 ማብቂያ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት፣ ደቻቱ ድንገት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ቤቶችንም ጠራርጎ ወሰደ። ከሟቾቹ መካከል እንደናንተ ያሉ ልጆችም ነበሩ። አላህ ይዘንላቸው።

ታዲያ ያ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ? ከተማዋ ያለችው ከተራራ ግርጌ ነው። ኃይለኛው ዝናብ ከላይ፣ በሐረርጌ ደጋ ወርዶ ነበር። ዛፍና ሣር ያለበት መሬት ዝናቡን ቀስ እያለ ይመጠዋል። የተራቆተ ተዳፋት ግን መያዝ አይችልም፤ ውሃው አፈርና ድንጋይ እየገፋ ቁልቁል ይሮጣል። ስለዚህ ከራሳችሁ በላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ እንኳ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። (ይህን አዋቂዎችም ይዘነጉታል።)

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዝናብ ሲያዩ ጠቃሚ እንዲያደርገው አላህን ይለምኑ ነበር። እኛም ዱዓ እናድርግ፤ ጥንቃቄውንም አንተው። ደጋው ላይ ደመና ከጠቆረ አሸዋው ላይ አትጫወቱ። ከወንዙ በኩል የሚያጓራ ድምፅ ከሰማችሁ ጫማም ኳስም ሳትሉ፣ የታናናሾቻችሁን እጅ ይዛችሁ ወደ ከፍታ ሩጡ።