ግቢ ማሰናዳት ወይስ ግቢ መግደል?

በየዓመቱ ጳጉሜን ሲቃረብ በአዲስ አበባ ሰፈሮች አንድ ዘመቻ ይጀመራል፤ ስሙም «ግቢ ማጽዳት» ነው። ክረምቱ ያበቀለው ሁሉ፣ ሙጃና አደይ፣ አረምና ጤና አዳም ሳይለይ፣ እስከ ሥሩ ይታጨዳል። አቅም ያለው ደግሞ «ልገላገል» ብሎ አፈሩን በሲሚንቶ ይደፍነዋል። በማግስቱ ቄጠማና የታሰረች አደይ ከመንገድ ዳር ገዝቶ ይመጣና በዚያው ሲሚንቶ ላይ ይጎዘጉዛል። ውድ አንባቢያን፣ ይህ ዓመትን መቀበል ነውን? እኔስ ግቢ መግደል እለዋለሁ።

አስቀድመን የጊዜውን ስም እናቅና። ገጣሚዎቻችን መስከረምን «ፀደይ» ማለት ከጀመሩ ሰነባብተዋል። በአገራችን የዘመን አቆጣጠር ግን ክረምት የሚወጣው መስከረም 25 ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ወቅት መፀው ሲሆን፣ ፀደይ የሚገባው ገና መጋቢት 26 ነው። ነገሩ የስም ጭቅጭቅ ብቻ አይደለም። ለእንቁጣጣሽ ተጣድፈን ስንቆፍር መሬቱ ገና ክረምት ላይ ነው፤ እርጥቡን መረሬ ያገላበጠ ሰው ሲደርቅ እንደ ጡብ የጠነከረ ጓል ያገኛል። አደይም በመስከረም ታብባለች እንጂ ዘሯን ገና አልጣለችም። ቤተ ክርስቲያን ዘመነ ጽጌን የምታከብረው ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ነው። እኛ ግን ጽጌው ሳይገባ ማጭድ ስለን እንጠብቀዋለን።

ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ስቆጥር የምውል የባንክ ሠራተኛ ነኝና፣ ወለዱን እየበላ ዋናውን የሚያቆየውን ደንበኛ ዋናውን አውጥቶ ከሚጨርሰው ለይቼ አውቃለሁ። ዘሯን ሳትጥል የታጨደች አደይ ዋናው የተበላ ሂሳብ ናት።

«ጭቃውስ? ትንኙስ?» የሚለኝ አይጠፋም፤ እውነት አለው። ነገር ግን የጭቃው መድኃኒት ከበር እስከ ቤት የሚያደርስ የድንጋይ መረማመጃ ነው እንጂ ግቢውን ሁሉ መለሰን አይደለም። የትንኙም መድኃኒት የተደፈነውን ቦይ መጥረግና ውኃ ያቆረውን ጎማና ጣሳ ማስወገድ ነው። ሲሚንቶ ውኃውን አያጠፋውም፤ ያባርረዋል። ከላይ ሰፈር የተባረረው ጎርፍም የታች ሰፈሩን ድሃ በር ያንኳኳል።

እንግዲህ በጳጉሜን ቦዩን ጥረጉ፤ የሚረገጠውን መንገድ ብቻ እጨዱ። አረሙን ዘር ሳያፈራ ንቀሉት፤ አታቃጥሉት፣ ከምሩትና ብስባሽ ይሁን። ዝናቡ አባርቶ አፈሩ እጅ ላይ መጣበቁን ትቶ መፈርፈር ሲጀምር ኮትኩቱ፤ ጎመኑንም ሰላጣውንም ያን ጊዜ ትከሉ። ለአደይ ግን አንዲት ጥግ ተዉላት፤ ደርቃ ዘሯን እስክትጥል ማንም አይንካት።

በተለይ እናንተ ገጣሚያን ወዳጆቼ! እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ስም ያወጡላት ከተማ ስሟን ከአበባ ወስዳለች። እናንተም በየመስከረሙ ስለ አደይ ትጽፋላችሁ፤ የግቢያችሁ አፈር ግን ከሲሚንቶ በታች ነው። አበባይቱን ከስንኝ በቀር ማደሪያ ካሳጣናት፣ ልጆቻችን ግጥማችንን የሚረዱት በግርጌ ማስታወሻ ይሆናል።

መልካም መፀው!